ልክ የሆነው ሰዓት

አቶ ታምሩ ስልክ ሲያወሩ ድምፅ ማጉያውን ካልከፈቱ የሚሰሙ አይመስላቸውም። ስለዚህ በዚያ የጥር ቅዳሜ ጠዋት ዮሐንስ ከድሬዳዋ ደውሎ ለአባቱ ብቻ ብሎ የተናገረውን፣ ኮሪደሩ ላይ ልብስ ታጥፍ የነበረችው ምራታቸው ሐዳሳም ሰማችው፤ ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤቶችም ሳይሰሙት አልቀሩም። «ገብቶኛል አባባ። እሷንም በር ዘጋብኝ። ይሁና! ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ገዢ ይመጣል፤ ማሽኑን እሸጠዋለሁ።» አቶ ታምሩ «ኧረ ተው ልጄ፣ ማንም አልዘጋብህም፣ ኔትወርክ ነው» አሉ። ከወዲያ አጭር ሳቅ ተሰማ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። «አሁንም ኔትወርክ? የሠርጌ ዕለትም እኮ ኔትወርክ ነበር አባባ።» ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ስለ ድሬዳዋ ሙቀት ጠየቁና ስልኩን ዘጉ። ሐዳሳ እጇ ላይ የነበረውን አንሶላ ሳታጥፈው ወንበር ላይ ጣለችው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ማርቆስና ዮሐንስ፣ የአቶ ታምሩ ሁለት ወንዶች ልጆች፣ አይነጋገሩም። ከአራት ዓመት በፊት ዮሐንስ ሶፍያን ሊያገባ ሲነሣ ወንድሙን ማርቆስን ሚዜ አድርጎት ነበር። የማርቆስ ሚስት ሐዳሳ ጨርቁን መርጣ፣ ባሏን ልብስ ሰፊው ጋ እየጎተተች ወስዳ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ አሰፋችለት። ሠርጉ ሲቃረብ ግን «የመዘምራን መሪ ሆኖ ሙስሊም ለሚያገባ ሚዜ?» የሚል ሹክሹክታ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ደረሰና ማርቆስ ፈራ። መፍራቱን ለማንም አልተናገረም። የሠርጉ ዕለት ስልኩን አጥፍቶ ከቤት ጠፋ። አቶ ታምሩ ብቻቸውን በአውቶቡስ ድሬዳዋ ሄደው፣ ልጃቸው አጠገብ የሙሽራው መኪና ሹፌር ሚዜ ሆኖ ሲቆም አይተው ተመለሱ። ማርቆስ በኋላ በአባቱ በኩል «መኪና አጣሁ፣ ኔትወርክም እምቢ አለኝ» ብሎ ላከ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ይህቺ ምክንያት ሳምንት እንኳ አልቆየች። ሁለቱን ቤተሰቦች የሚያገናኘው ቅልቅልም በዚያው ቀረ። ልብሱ አንድም ቀን ሳይለበስ ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ አለ።

ታዲያ እግዚአብሔር በማን አፍ እንደሚናገር አይታወቅም፤ እነዚህን ሁለት ወንድማማቾች ያገናኛቸው ፕሌይስቴሽን ነው። ከሠርጉ ዓመት በኋላ አንድ ቅዳሜ ማርቆስ ማሽኑን ሲከፍት የዮሐንስ ስም መጥቶ ጓደኛ ልሁን ይላል። ማርቆስ ለረጅም ጊዜ አየውና ተቀበለው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ፣ አንዱ አባቱ ካሉበት ከታቦር ሰፈር ሌላው ከድሬዳዋ፣ በኢንተርኔት እግር ኳስ ይጫወታሉ። ማይክ የለም፣ ሰላምታ የለም፣ ጎል ብቻ። የተሸነፈው «ድገመኝ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል፤ ያሸነፈው ይጠብቀዋል። አቶ ታምሩ ሶፋው ጥግ ላይ ዐይናቸውን ጨፍነው እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላሉ፤ ዮሐንስ ጎል ሲያገባ ግን የቀኝ እግራቸው ነቅነቅ ይላል። ሐዳሳም ይህን ታያለች። ስለዚህ ጨዋታ በዚያ ቤት ማንም ምንም ተናግሮ አያውቅም፤ የተናገሩት እንደሆነ የሚፈርስ ይመስላቸው ነበር።

ያ ነው እንግዲህ ሁለት ቅዳሜ የተቋረጠው። ማሽኑ ይበራል፣ ዋይፋዩን ያገኛል፣ ከዚያ «መግባት አልተቻለም» ብሎ ይገተራል። ማርቆስ ጥቂት ታግሎ «ይቅር፣ ሰለቸኝ» ብሎ ጆይስቲኩን ወረወረ። ዮሐንስ በበኩሉ ወዲያ ማዶ ተቀምጦ ጠበቀ፤ መጠበቅ ሲያቅተው ተዘጋብኝ አለ። ይፈረድበታል? አይፈረድበትም። አንድ ጊዜ በር የተዘጋበት ሰው ነፋስ የገፋው በር ሁሉ የተዘጋበት ይመስለዋል።

ማርቆስ ገላውን ታጥቦ ወጥቶ ጫማውን እያሠረ ሳለ ሐዳሳ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። የሰማችውን ሳታስረዝም ነገረችው፤ ገዢው አሥር ሰዓት ላይ እንደሚመጣ፣ ከዚያ በኋላ የቅዳሜው ጨዋታ እስከ ወዲያኛው እንደሚያበቃ። ማርቆስ ማሠሪያውን አጥብቆ አሠረ፣ ፈታው፣ እንደገና አሠረው።

«ደውልለት» አለችው።

«ደውዬ ምን ልበለው ሐዱ? ኔትወርክ ነው ልበለው?»

እውነቱን ነዋ! ያችን ቃል ያኔ ለውሸት አውሏት ለእውነት ሲፈልጋት ጊዜ አላገለግልም አለችው። ማርቆስ ሽያጭ ኃላፊ ወደሆነበት የግንባታ ዕቃ መደብር አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሐዳሳ ግን እንደ ባሏ ቶሎ እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። ፒያሳ ላይ የመጋረጃ ሱቅ አላት፤ ስንት የተተበተበ ክር በእጇ አልፏል። ክር ሲተበተብ መሃሉን ይዞ የሚጎትት ሰው ያጠብቀዋል እንጂ አይፈታውም፤ ጫፉን መፈለግ ነው። «ከአሥር ሰዓት በፊት ይሠራል» አለች ለራሷ፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነበርና አቶ ታምሩ ከሳሎን «አሜን» አሉ።

የዚያ ቤት ዋይፋይ ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ ነው የሚኖረው። ዳንቴሉን የሠሩት የአቶ ታምሩ ባለቤት ወይዘሮ አባይነሽ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ራቁቱን የተቀመጠ ዕቃ ማየት አይወዱም ነበር። ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮውም፣ የስኳር ዕቃውም ዳንቴል አላቸው። ሐዳሳ የዋይፋዩን አንሥታ በእጇ ስትዳስሰው ሞቋል። አጥፋ አሳረፈችው፣ መልሳ አበራችው። ስልኳን ሞከረች፤ ቪዲዮው ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ማሽኑን ሞከረች፤ መግባት አልተቻለም። ዳንቴሉን መልሳ ልታለብስ ስትል አቶ ታምሩ «ተይው ልጄ፣ ይተንፍስ። አባይነሽ አትቀየምም» አሉ። ዳንቴሉን በአራት አጥፋ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው።

ቀጥሎ በገመድ ልሞክረው አለች። የኔትወርክ ገመድ ፍለጋ ቁም ሳጥኑን ስትበረብር ያ ልብስ መንገድ ዘጋባት። ላስቲኩ አቧራ ጠጥቷል። ወደ ቀኝ ገፋችው፣ ወደ ግራ ገፋችው፤ በመጨረሻ አውጥታ አልጋው ላይ አጋደመችውና ፍለጋዋን ቀጠለች። ገመድ የለም። ስትጨርስ ልብሱን መልሳ ሰቀለችው፤ ላስቲኩን በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ ሳታደርገው ግን አልቀረችም።

ጥር ለመጋረጃ ሻጭ መከር ነው። ሱቋን ስትከፍት ሁለት የሙሽራ አክስቶች ደጃፉ ላይ ይጠብቋት ነበር። ሜትሩን ስምንት መቶ ብላ ብትጠራላቸው፣ አንደኛዋ በመጋረጃው ፈንታ ሐዳሳን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «እህቴ፣ መጋረጃ ነው ወይስ ቤት ነው የምትሸጪልን?» አለች። ሐዳሳ ሳቀች፣ ከዋጋው ቀነሰች፣ ለካች፣ ቆረጠች። ከጎኗ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ሰኢድ ሥራ ሲቀዘቅዝ ብቅ ማለት ልማዱ ነው። ችግሯን ስትነግረው ገና ሳትጨርስ «ዋይፋዩ ነው። ሞቷል። አዲስ አስገብቻለሁ፣ ለአንቺ በዋጋው» አለ።

«ዋይፋዩ ከሞተ ስልኬን ማን ነው የሚያሠራልኝ?»

«እንግዲያው ማሽኑ ነው። እሱም ሞቷል።»

«አንተ ቤት የማይሞት ነገር የለም እንዴ ሰኢድ? ገመድ ስጠኝና ልሂድ።»

ሰኢድ እየሳቀ ገመዱን ጠቅልሎ ሰጣት፤ «ወላሂ አንቺን የሚያታልል ገና አልተወለደም» አለ። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ፣ የጥር ገበያዋን ጥላ ሱቋን ዘጋች። ባጃጇ ወደ ታቦር ስትታጠፍ የሠርግ መኪኖች መንገዱን ሞልተው፣ ክላክስ እያንባረቁ ወደ ሐይቁ ይወርዱ ነበር። ከፊተኛው መኪና መስኮት ሙሽራውና ሚዜው ወገባቸው ድረስ ወጥተው ተቃቅፈው ይጨፍራሉ። የባጃጁ ሹፌር «ሚዜው ከሙሽራው በለጠ፣ ሠርጉ የማን እንደሆነ እንጃ» ብሎ ሳቀ። ሐዳሳ መኪኖቹ አልፈው እስኪያልቁ ገመዱን ጭኗ ላይ ይዛ አየቻቸው።

ማርቆስ ለምሳ መጥቶ ነበር። ሦስቱም የዓሣ ጥብስ ከበው ተቀመጡ። አቶ ታምሩ አጥንቱን እየለቀሙ ለልጃቸው ያጎርሳሉ፤ ማርቆስ ጉርሻውን ተቀብሎ ያኝካል፣ አይውጥም። ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ተወራ። ስለ ዝናቡ ተወራ። ስለ ድሬዳዋ ማንም አላወራም። ሐዳሳ ጥቂት ቀምሳ እጇን ታጠበችና ማሽኑ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

ገመዱን ሰካች። ማሽኑ ራሱን ይፈትሽ ዘንድ አዘዘችው፤ ኢንተርኔት አለ ይላል። ግባ ስትለው አልገባም ይላል። ገመዱን ነቅላ ከስልኳ በሚወጣው ኢንተርኔት አገናኘችው፤ ያው ነው። እዚህ ላይ ሐዳሳ ፈገግ አለች፤ የክሩ ጫፍ ታየቻት። ዋይፋዩም ደህና ነው፣ ገመዱም ደህና ነው፣ መሥመሩም ደህና ነው። ውኃው እስከ ቧንቧው አፍ ድረስ መጥቷል፤ ባልዲው ነው የተደፋው። ስለዚህ ጥፋቱ ያለው ማሽኑ ውስጥ ነው፤ ማሽኑ ግን ይበራል፣ ይጫወታል፣ ምንም አይለው። ታዲያ ምኑ ተለውጧል? የቴሌቪዥኑን ፊት ከጥግ እስከ ጥግ አየችው። ቀጥላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ዘጠኝ ከሃያ ይላል። ወደ ቴሌቪዥኑ ጥግ መልሳ አየች። እዚያም ዘጠኝ ከሃያ።

ያ ማሽን ሰዓቱ ከእነሱ ጋር ገጥሞ አያውቅም። ሁልጊዜ በፈረንጅ ነው፤ ስድስት ሰዓት ይቀነስለታል። ዛሬ ግን ልክ ሆኗል፤ ደቂቃው እንኳ አልተዛነፈም። በዚህ ቤት ደግሞ ሰዓት ልክ የሚያደርገው አንድ ሰው ብቻ ነው። አቶ ታምሩ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበሩ፤ በር ላይ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ በብረት እየመቱ ስንቱን ትውልድ ክፍል አስገብተዋል። ጡረታ ቢወጡም ሰዓት ተዛንፎ ማየት አይሆንላቸውም፤ የሰው ቤት ተጋብዘው ሄደው እንኳ የግድግዳ ሰዓት አስወርደው ያስተካክላሉ።

«አባባ፣ የዚህን ማሽን ሰዓት ማን ነው ያስተካከለው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ፤ ደስ ብሏቸው ከሶፋው ቀና አሉ። «መብራት ጠፍቶ በመጣ ማግሥት፣ ለማርቆስ ይሙቅለት ብዬ እንደ ልማዴ አስነሣሁት። ማሽኑ አርጅቷል መሰለኝ፣ መብራት ሲጠፋ ቀኑን ረስቷል፤ ቀን አስገቡ አለኝ። አስገባሁ። ስንት ዓመት ስድስት ሰዓት ሲያጭበረብር የኖረ ማሽን ነው፤ አሁን አንዲት ደቂቃ አይሳሳትም።»

«ዓመቱንስ ስንት አሉት?»

«ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ነዋ! ጥር ሁለት። ታዲያ ስንት ኖሯል?»

ሐዳሳ መሬቱ ላይ እንደተቀመጠች ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ባለፈው ክረምት ስልኳ ባትሪው ሞቶ ቀኑ ተዛብቶባት የባንኩ አፕ አላስገባም ብሏት ያውቃል፤ ነገሩ ወዲያው ገባት። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ዘመን ብቻ ነው። ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ሲሉት የፈረንጁ መስሎት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ በእኛ ሁለት ሺህ አሥር ላይ ቁጭ አለ። የጨዋታው በር ላይ ያለው ዋናው ኮምፒዩተር ደግሞ ቀን አመሳክሮ ነው የሚያስገባው፤ ያልገጠመለትን አላውቅህም ይላል። ይህን ሁሉ የአባቷን ያህል ለምታከብራቸው ሽማግሌ በቀስታ አስረዳች። አቶ ታምሩ ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠቆረ።

«እንግዲህ እኔ ነኝ በይኛ፣ በልጄ ላይ የዘጋሁበት?»

«ኧረ በጭራሽ! እርስዎ ልክ ነዎት አባባ። ማሽኑ ነው አገራችንን የማያውቀው።»

ሽማግሌው አሰብ አደረጉና «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። ሐዳሳ ቀኑን በፈረንጁ፣ ሰዓቱንም በፈረንጁ እያደረገች ስትሞላ አቶ ታምሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ልክ የሆነ ሰዓት ሆን ተብሎ ሲዛባ ቆመው ማየት አልቻሉም። «ግባ» የሚለውን ተጫነች። ክቧ ዞረች፣ ዞረች። ገባ!

«ማርቆስ!»

ማርቆስ ከጓዳ በሩጫ ወጣ። የወንድሙ ስም አለ፤ አጠገቡ ያለችው ነጥብ ግን ግራጫ ናት፣ ዮሐንስ አልከፈተም። ሦስቱም ተቀመጡ። አቶ ታምሩ ዛሬ እንቅልፍ የወሰደው ሰው መምሰሉን ትተውታል፤ ዐይናቸውን አፍጥጠው ነጥቧን ይጠብቃሉ። ውጭ የሠርግ መኪና ክላክስ አልፎ ሄደ። አሥር ሰዓት ሆነ፣ አለፈ። ማርቆስ «ሸጦታል» አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ። ሐዳሳ ክንዱን ያዘችው። «ሰው ዕቃ ሲገዛ ሳይሞክር አይገዛም። ሊያሳየው ይከፍተዋል፤ ጠብቅ።»

ነጥቧ አረንጓዴ ሆነች። ማርቆስ ጆይስቲኩን አንሥቶ ወደ ጨዋታው ሊሮጥ ሲል ሐዳሳ ከእጁ ነጠቀችው። ማይክ ያለውን ኢርፎኗን ጆይስቲኩ ላይ ሰካች፣ አንዱን ጆሮ ለእሱ ሰጠች፣ አንዱን ለራሷ አደረገች። «ዛሬ ጎል አይደለም የሚፈለግብህ። አፍህን ክፈት» አለችው። የድምፅ ጥሪውን የላከችው እሷ ናት። ጥሪው ቆየ። እንደገና ላከች። በኢርፎኑ ውስጥ ፍንጣቂ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ የሰው ትንፋሽ።

«ማነው?» አለ ዮሐንስ፤ ማን እንደሆነ እያወቀ።

«እኔ ነኝ።» ማርቆስ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። «ዮኒ፣ ኔት...» አለና አቆመ። ያችን ቃል አልጨረሳትም። «የሠርግህ ዕለት ኔትወርክ አልጠፋም። ስልኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ሶፍያንም አንተንም በደልኩ። ይቅር በለኝ። የአሁኑ ሁለት ቅዳሜ ግን እኔ አይደለሁም፤ በወንጌል እምላለሁ፣ አባባ ናቸው።»

ወዲያ ማዶ ወንበር ሲሳብ ተሰማ። «አባባ ምን አደረጉ?»

«የማሽኑን ቀን በእኛ ሞሉት።»

«...ሰዓቱንም?»

«ሰዓቱንም።»

መጀመሪያ የተሰማው ሳል የመሰለ ነገር ነበር። ከዚያ ዮሐንስ ሳቀ፤ ጠዋት በስልክ እንደ ሳቀው አይደለም፣ ከሆዱ ሳቀ። ማርቆስም ተከተለው። በሰው ቤት ሠርግ ላይ አባታቸው ወንበር ላይ ወጥተው ሰዓት ሲያወርዱ፣ ሁለቱ በእፍረት ጠረጴዛ ሥር የተደበቁ ወንድማማቾች ናቸው፤ ይህን ሳቅ ሌላ ሰው አይስቀውም። ሲበርድላቸው ዮሐንስ «ቆይ ቆይ» አለ። «ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ብለው ከሞሉትማ፣ ማሽኑ የትኛው ዓመት ላይ ነበር?»

«በእኛ ሁለት ሺህ አሥር ላይ።»

«አሥር...» ዮሐንስ ቆጠረ። ከኋላው የሶፍያ ድምፅ «ከማን ጋር ነው?» ሲል ይሰማል። «እንግዲያማ ገና አላገባሁም» አለ በመጨረሻ። «ሚዜዬም ገና አልቀረብኝም።»

ማርቆስ ዐይኑን በክንዱ ጠረገ። «ሚዜህ አለ» አለ። «ልብሱም አለ።»

«በል እንግዲህ ለብሰህ ጠብቀኝ። ሶፍያን ይዤ ለቅልቅል እመጣለሁ።» ከዚያ ከማይኩ ራቅ ብሎ ለገዢው ሲናገር ተሰማ፤ «ወንድሜ፣ አድክሜሃለሁ፣ ይቅርታ። አይሸጥም።»

«ምን አለ? ኧረ ምን አለ?» እያሉ አቶ ታምሩ ሶፋው ጫፍ ድረስ ተንፏቀዋል። ሐዳሳ ኢርፎኑን ከጆሮዋ አውጥታ እሳቸው ጆሮ ውስጥ አደረገችላቸው። ሽማግሌው የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ፣ ቤቱ እስኪንቀጠቀጥ ጮኸው «ዮሐንስ! ትሰማኛለህ?» አሉ፤ ማርቆስ ጆሮውን ያዘ።

እሷ ተነሥታ መኝታ ቤት ገባች። ልብሱን ከቁም ሳጥኑ አውጥታ ላስቲኩን ገፈፈችው። ኮቱ ደህና ነው፤ ሱሪውን ግን ዘርግታ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ማርቆስ በአራት ዓመት ሆድ አውጥቷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ መቀስዋን አነሣች፣ የወገቡን ስፌት ጫፍ ፈልጋ አገኘችና መተርተር ጀመረች።